በአንድ ቻርት ላይ መለኪያ ማቀያየር፦ ከድሬዳዋ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ድሬዳዋ ውስጥ የግንባታ ዕቃ በሚያከፋፍል ድርጅት ነው የምሠራው። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ቆርቆሮና ቀለም እንሸጣለን። መጋዘናችን ሳቢያን ነው። ሱቆቻችን እዚሁ ድሬ፣ ሐረር ሸዋ በርና ጅጅጋ ናቸው። የድርጅቱ ባለቤት ሐጂ ፓወር ቢአይ በሚባለው የሪፖርት መሥሪያ ፕሮግራም አንድ ቻርት እንድሠራላቸው አዘዙኝ። ቁልፍ እየተጫኑ የየወሩን ሽያጭ አንዴ በብር፣ አንዴ በብዛት፣ አንዴ በትርፍ መቶኛ፣ አንዴ ደግሞ የመጋዘኑን ክምችት ማየት ይፈልጋሉ። መጀመሪያ አራት ቻርት ደራርቤ በቡክማርክ ሞከርኩ። ቁልፉን በነካሁ ቁጥር የመረጥኩት ሱቅ ይቀየርብኛል። ከዚያ ዩቲዩብ ላይ አይቼ በስዊች ቀመር ሠራሁት። አሁን ደግሞ ትርፉ 0 ብቻ ያሳያል። ምንም ካልተመረጠ ቻርቱ ባዶ ይሆናል። ፎርማት የሚባለውን ፈንክሽን ስጨምርበት ጭራሽ ቻርቱ ጠፋ። ላፕቶፔ ስለደከመ ነው ወይስ ፓወር ቢአይ ይህን አይችልም? አቦ መላ በሉኝ።»

ላፕቶፕህ ጤነኛ ነው። ፓወር ቢአይም ይህን ይችላል፤ ያውም የስዊች ቀመር ሳትጽፍ። ያጋጠሙህ ችግሮች አራት ናቸው፤ ምክንያታቸውም ይታወቃል። ከአራቱ የሚከብድ አምስተኛ ችግር ግን አለ፤ እሱን ገና አላየኸውም። ሐጂ የጠየቁህ አራት መለኪያዎች በባሕርያቸው የተለያዩ ናቸው። የሚደመር አለ፣ የማይደመር አለ፣ እንደ ሁኔታው የሚደመርም አለ። ቁልፉ እንከን የለሽ ቢሆን እንኳ ቀመሮቹ ካልተስተካከሉ ሐጂ በተሳሳተ ቁጥር ይወስናሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የታወቁትን አራቱን ቶሎ ልጨርስና ወደ እሱ እንሂድ።

ከቡክማርኩ፣ ማለትም የገጹን ሁኔታ መዝግቦ በቁልፍ ከሚመልሰው መሣሪያ፣ እንጀምር። ቡክማርክ የሚመዘግበው የትኛው ቻርት እንደሚታይና እንደሚደበቅ ብቻ ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ስትፈጥረው የነበረውን የስላይሰር (ሱቅ የምትመርጥበት የመምረጫ ሳጥን) እና የፊልተር ምርጫም አብሮ ይይዛል። ጅጅጋን መርጠህ ሳለ ፈጥረኸው ከሆነ፣ በተጫንከው ቁጥር ጅጅጋን ያመጣልሃል። ከቡክማርኩ ስም አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫንና «ዳታ» ላይ ያለውን ምልክት አንሳ፤ «ዲስፕሌይ» እንዳለ ይቆይ። ከዚህ በኋላ ሱቁ አይቀየርብህም።

ያም ሆኖ ለዚህ ሥራ ቡክማርክን አልመክርህም። አራት የተደራረበ ቻርት ማለት አራት ጊዜ ቀለም መቀየር፣ አራት ጊዜ ፊደል ማስተካከል፣ አራት ጊዜ ፊልተር መፈተሽ ነው። ከሦስት ወር በኋላ አንዱን ትረሳለህ። ሐጂም ብሩን ከታኅሣሥ፣ ትርፉን ከጥቅምት ጀምሮ እያዩ ያነጻጽራሉ። ቡክማርክ የሚያዋጣው የቻርቱ ቅርጽ ራሱ ሲለወጥ ነው። ለምሳሌ አንዴ በየወሩ የሚሄድ መስመር፣ አንዴ የሱቆች ካርታ ማሳየት ስትፈልግ። ያንተ ግን አራቱም በወር የተደረደሩ ናቸው።

ወደ ስዊቹ፣ እንደ ምርጫው ከብዙ ስሌቶች አንዱን ወደሚያመጣው ቀመር፣ እንምጣ። ትርፉ 0 ያሳየህ ስሌቱ ተሳስቶ ላይሆን ይችላል። በስዊች የሠራኸው ሜዠር (በቀመር የተጻፈ ስሌት) አንድ ነው፤ ስለዚህ ፎርማቱም አንድ ነው። ብሩ እንዲያምር ብለህ «ሙሉ ቁጥር፣ በሺህ ኮማ» ብለኸው ከሆነ፣ 0.06 የሆነው የትርፍ ህዳግ (ትርፉ ለሽያጩ ተካፍሎ የሚገኘው) ተጠጋግቶ 0 ይሆናል። ቁጥሩ ውስጥ አለ፤ ያልታየው በፎርማቱ ምክንያት ነው። ቻርቱ ባዶ የሚሆነው ደግሞ ቀመሩ ውስጥ ያለው ሰሌክትድ ቫልዩ የሚባለው ፈንክሽን አንድ ምርጫ ብቻ ስለሚጠብቅ ነው። ምንም ካልተመረጠ ወይም ሁለት ከተመረጠ ባዶ ይመልሳል። ፈንክሽኑ ሁለተኛ ቦታ አለው፤ እዚያ ላይ «ሽያጭ በብር» ብለህ ነባሪ ምርጫ ብትሰጠው ቻርቱ ባዶ አይሆንም።

ፎርማት ፈንክሽን ቻርቱን ያጠፋብህ ደግሞ ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ ስለሚቀይረው ነው። ለዓይን «6.4%» ቁጥር ይመስላል፤ ለቻርቱ ግን እንደ «ሳቢያን» ያለ ቃል ነው። ቃል ደግሞ ቁመት የለውም፤ አምድ አይሆንም፣ መስመርም አይሆንም። ዩቲዩብ ላይ ይህን የሚመክሩ ብዙ ናቸው። ለካርድና ለሠንጠረዥ ይሠራላቸዋል፤ ለቻርት ግን አይሆንም። በስዊች መቀጠል ካለብህ ሜዠሩን ምረጥና ከፎርማት ዝርዝሩ «ዳይናሚክ» የሚለውን ክፈት። እዚያ ለእያንዳንዱ ምርጫ የራሱን አጻጻፍ ትሰጠዋለህ፤ ቁጥሩም ቁጥር እንደሆነ ይቆያል። ይህ አማራጭ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣ ስለሆነ በቆዩ ቪዲዮዎች ላይ አታገኘውም።

እኔ የምልህ ግን ስዊቹንም ቡክማርኩንም ተዋቸውና ፊልድ ፓራሜተር (ቻርቱ የሚያሳየውን መለኪያ በምርጫ የሚቀይር መሣሪያ) ተጠቀም። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። «ሞዴሊንግ» ውስጥ ግባ፣ «ኒው ፓራሜተር»፣ ከዚያ «ፊልድስ»። የሠራሃቸውን ሜዠሮች አንድ በአንድ ጎትተህ አስገባ፣ ስም ስጠው፣ ጨርስ። ስላይሰሩን ራሱ ገጹ ላይ ያስቀምጥልሃል። አንተ የሚቀርህ ቻርቱ ላይ ሽያጭ የነበረበት ቦታ ላይ ፓራሜተሩን መተካት ብቻ ነው። «ፊልድስ» የሚለው ካልታየህ ፕሮግራምህ አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱን አውርድ፣ ዴስክቶፑ በነፃ ነው። ከስዊች የሚለይበት ዋናው ነገር እያንዳንዱ ሜዠር ራሱን ሆኖ መምጣቱ ነው። ብሩ ከነኮማው፣ ህዳጉ ከነመቶኛ ምልክቱ ይመጣል። ባዶ ቻርት የሚባል ነገርም የለም፤ ምንም ካልመረጥክ ሁሉንም እንደመረጥክ ይቆጥረዋል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። «ሁሉንም» ማለት ሚሊዮን ብር፣ መቶ ኩንታልና 0.06 በአንድ አክሲስ (የቻርቱ የቁጥር መስመር) ላይ ማለት ነው። ብሩ ሰማይ ይነካል፤ ሌሎቹ ወለሉ ላይ ይነጠፋሉ። ስለዚህ የስላይሰሩን ቅንብር ክፈትና «ሲንግል ሴሌክት» አድርገው። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ብቻ ይመረጣል። ቻርቱ ላይ ከዚህ ቀደም በእጅህ ያስተካከልካቸውን ነገሮችም መልስ። የቁጥሩን ማሳያ «ሚሊዮን» ላይ አስረኸው ከሆነ 850 ኩንታል 0.00 ሚሊዮን ተብሎ ይወጣል። የአክሲሱን ጣሪያ 10,000,000 ላይ አስረኸው ከሆነ ህዳጉ ጭራሽ አይታይም። ሁለቱንም «አውቶ» ላይ ተዋቸው።

ርዕሱን በቸልታ አትለፈው። ሐጂ ቻርቱን በስልክ ፎቶ አንስተው ለጅጅጋው ሱቅ ይልኩት ይሆናል። በፒዲኤፍ ስታወጣውም የሚወጣው በዚያ ሰዓት የተመረጠው መለኪያ ብቻ ነው፤ ቁልፉ ወረቀት ላይ አይሠራም። ስለዚህ የመለኪያው ስምና አሃዱ ርዕሱ ላይ መጻፍ አለበት፤ «ሽያጭ በብር፣ ያለ ቫት» ወይም «የትርፍ ህዳግ በመቶኛ» ተብሎ። ለዚህ አንድ ትንሽ የርዕስ ሜዠር ጽፈህ በርዕሱ አጠገብ ባለው የቀመር ምልክት ታያይዘዋለህ። ሰሌክትድ ቫልዩን በፓራሜተሩ የስም ዓምድ ላይ ብትሞክረው ግን «ዓምዱ የጥምር ቁልፍ አካል ነው» የሚል ስህተት ይመጣብሃል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። በስሙ ፈንታ ቅደም ተከተሉን የያዘውን ዓምድ ተጠቀም። እዚያ 0፣ 1፣ 2 የሚሉ ቁጥሮች ናቸው ያሉት፤ 0 ሲሆን ይህን ርዕስ፣ 1 ሲሆን ያንን ርዕስ ትለዋለህ።

ቁልፉ ይህን ያህል ነው። ግማሽ ቀን አይፈጅም። አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንግባ።

ትርፍ በመቶኛ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ፊልድ ፓራሜተር በራሱ የተደመረ ዓምድ አይቀበልም፤ ሜዠር ጻፍ ይልሃል። ይህ ሰውን ያናድዳል፤ ለአንተ ግን ጥቅም ነው፤ ቆም ብለህ እንድታስብ ያስገድድሃል። አብዛኛው ሰው ከኤክሴል የመጣው ሠንጠረዥ ውስጥ በየመስመሩ «ትርፍ መቶኛ» የሚል ዓምድ ስላለ፣ አማካዩን ወስዶ ያርፋል። ይህ ስህተት ነው። እንበል በአንድ ወር የድሬው ሱቅ 1,000,000 ብር ሸጦ 50,000 አተረፈ፤ ህዳጉ 5 በመቶ ነው። ሸዋ በር ያለው ደግሞ 100,000 ብር ሸጦ 20,000 አተረፈ፤ ህዳጉ 20 በመቶ። የሁለቱ አማካይ 12.5 በመቶ ነው። እውነተኛው ግን 70,000 ለ1,100,000 ተካፍሎ 6.4 በመቶ አይሞላም። ሐጂ 12.5 እናተርፋለን ብለው ለደንበኛ 8 በመቶ ቅናሽ ቢያደርጉ ከኪሳቸው ነው የሚከፍሉት። ስለዚህ ጠቅላላ ትርፍን ለጠቅላላ ሽያጭ አካፍል። ማካፈሉን ዲቫይድ በሚባለው ፈንክሽን አድርገው፤ ሽያጭ የሌለበት ወር ላይ ስህተት ከማሳየት ይልቅ ባዶ ይተወዋል።

ህዳጉ ውስጥ የሚገቡትንም ሁለት ነገሮች አጣራ። አንደኛው ቫት ነው። የሽያጭ ዓምድህ 15 በመቶውን ያካተተ፣ የግዢ ዓምድህ ደግሞ ያላካተተ ከሆነ ትርፉ ያብጣል። በ95 ብር የገባ ዕቃ በ100 ሲሸጥ ህዳጉ 5 በመቶ ነው። ደረሰኙ ላይ ያለውን 115 እንደ ሽያጭ ከወሰድከው ግን 17.4 በመቶ ይልሃል። ያ 15 ብር የሐጂ አይደለም፤ የመንግሥት ነው። ሁለተኛው ትራንስፖርት ነው። ከሳቢያን መጋዘን ተጭኖ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር የሚገባው ሲሚንቶ የጭነትና የጫኝ አውራጅ ወጪ አለበት። ያ ወጪ በጠቅላላ ሒሳብ ውስጥ ተቀብሮ የዕቃው ዋጋ ላይ ካልገባ የሐረሩ ሱቅ ከእውነተኛው በላይ አትራፊ ሆኖ ይታያል። ይህን ቻርቱ ሊነግርህ አይችልም። ሒሳብ ሠራተኛውን ጠይቅ፤ ወጪው ካልገባም ርዕሱ ላይ «ከትራንስፖርት በፊት» ብለህ ጻፍ።

ብዛት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የምትሸጡት ሲሚንቶ በኩንታል ነው። ፌሮ በቤርጋ፣ ቆርቆሮ በቁጥር፣ ቀለም በሊትር ወይም በጋሎን ነው። «ብዛት» የሚለውን ዓምድ ዝም ብለህ ከደመርከው 300 ኩንታል፣ 500 ቤርጋና 200 ቆርቆሮ አንድ ላይ 1,000 ይሆናል። አንድ ሺህ ምን? ፓወር ቢአይ ይህን አይጠይቅህም፤ ያሉትን ቁጥሮች ደምሮ ዝም ይላል። ቻርቱም ያምራል። የቆርቆሮ ሽያጭ የጨመረበት ወር ድርጅቱ ያደገ ይመስላል፤ ቆርቆሮ ስለበዛ ብቻ።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ሁሉንም ወደ ክብደት መለወጥ ነው። ለፌሮ ይቻላል፦ የ12 ሚሊ ሜትሩ በሜትር 0.888 ኪሎ ይመዝናል፤ 12 ሜትር የሆነው አንድ ቤርጋ ወደ 10.7 ኪሎ ይመጣል። ለጭነት መኪና ዕቅድ ይህ ግሩም ነው። ለንግድ ውሳኔ ግን ያን ያህል አይረዳም፤ ሐጂ «ስንት ቶን ቀለም ሸጥን» ብለው አያውቁም። ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ነው። ብዛቱ የሚታየው አንድ አሃድ ብቻ ሲመረጥ እንዲሆን አድርግ። ሜዠሩ መጀመሪያ የአሃዱ ዓምድ ላይ አንድ ዋጋ ብቻ መኖሩን ያረጋግጣል። ካለ ይደምራል፤ ከሌለ ባዶ ይተወዋል። ርዕሱ ደግሞ በዚያን ጊዜ «ብዛቱን ለማየት አንድ የዕቃ ዓይነት ይምረጡ» ይበል። ይህን ካልጻፍክ ሐጂ ተበላሸ ብለው በሌሊት ይደውሉልሃል።

ክምችትን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ከቁልፉ አውጣው። ሽያጭ በወሩ ውስጥ የተጠራቀመ ነው። ክምችት ግን በአንድ ቀን ያለ ነው። ጥቅምት መጨረሻ 400 ኩንታል፣ ኅዳር መጨረሻ 380፣ ታኅሣሥ መጨረሻ 420 ቢኖር የሩብ ዓመቱ ክምችት 1,200 አይደለም። ያን ያህል ሲሚንቶ መጋዘኑ ውስጥ በአንድ ቀን ኖሮ አያውቅም። መልሱ 420 ነው። የሚያደናግረው ደግሞ ክምችት በጊዜ አይደመር እንጂ በቦታ ይደመራል። የሳቢያን፣ የሐረርና የጅጅጋው በአንድ ቀን ያለው ተደምሮ ትክክለኛ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ቀመሩ የመጨረሻውን ቀን ፈልጎ የዚያን ቀን ብቻ መደመር አለበት። ላስት ዴት ወይም ላስት ነን ብላንክ የሚባሉት ፈንክሽኖች ለዚህ ናቸው።

ቀመሩን አስተካክለህስ ለምን ከቁልፉ አታስገባውም? ሐጂ ክምችትን የሚያዩት ለሌላ ጥያቄ ስለሆነ ነው። ሽያጭን ሲያዩ «ወሩ እንዴት ነበር» ይላሉ። ክምችትን ሲያዩ «ነገ ልዘዝ ወይ» ነው የሚሉት። ለዚያ በወር የተደረደረ አምድ አይጠቅማቸውም። ዛሬ በየመጋዘኑ ስንት አለ፣ በአሁኑ አሻሻጥ ስንት ቀን ያቆያል የሚል ትንሽ ሠንጠረዥ ይሻላቸዋል። ከቻርቱ ሥር አስቀምጠው፤ ሁልጊዜ ይታይ።

በቁልፉ ላይ ያለኝን ሌላ ስጋትም ልንገርህ። ቁልፍ አንዱን ሲያሳይ ሌላውን ይደብቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለአገራችን ነጋዴ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንበል አንዱ ኩንታል ከ1,000 ብር ወደ 1,300 ወጣ፤ የሸጣችሁት ደግሞ ከ1,000 ኩንታል ወደ 900 ወረደ። ሽያጩ ከ1,000,000 ወደ 1,170,000 ብር ነው የሄደው፤ 17 በመቶ ጨመረ። ዕቃው ግን 10 በመቶ ቀንሷል። ብሩን ብቻ መርጦ የሚያይ ሰው ገበያው ደራ ይላል፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ደግሞ ደንበኛ ቀረ ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ስለዚህ ከቻርቱ በላይ ሦስት ካርዶች አድርግ፦ የወሩ ሽያጭ በብር፣ የሲሚንቶው ብዛት በኩንታል፣ የትርፍ ህዳግ። ከጎናቸውም ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ያላቸውን ለውጥ ጻፍበት። ካርዶቹ ቁልፉን አይከተሉም፤ ቋሚ ናቸው። ቻርቱ ይቀያየራል፤ ካርዶቹ ግን ብሩ ወደ ላይ፣ ኩንታሉ ወደ ታች ሲሄድ ወዲያው ያሳብቃሉ።

ወሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑም የራሱ ሥራ አለው። ፓወር ቢአይ በራሱ የሚሠራው የቀን ሠንጠረዥ በፈረንጅ ወር ነው። አንተ ለእያንዳንዱ ቀን የኢትዮጵያን ዓመት፣ የወሩን ስምና የወሩን ተራ ቁጥር የያዘ የራስህ ሠንጠረዥ አዘጋጅ። የወሩን ስም በተራ ቁጥሩ እንዲደረደር እዘዘው፤ ካልሆነ በፊደል ተራ ሐምሌን ከመስከረም ያስቀድምብሃል። በበጀት ዓመት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሐምሌን 1 ብለህ ጀምር። «ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር» የሚሉት የተለመዱ ፈንክሽኖችም የፈረንጁን ወር ስለሚከተሉ አትመካባቸው። ዓመቱን በአንድ ቀንሰህ ተመሳሳዩን የወር ቁጥር የሚፈልግ ሜዠር ጻፍ።

ጳጉሜን ራሱን ችሎ እንደ ወር ከቆመ በብርና በብዛት ላይ ገደል ይሠራል፤ 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 6 ቀን ነው ያለው። ህዳጉ ላይ ግን ምንም ላይታይ ይችላል፤ ምጣኔ ስለሆነ የቀኑ ማነስ አይጎትተውም። ሐጂ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀይሩ «ሽያጭ ወድቆ ትርፍ ያልወደቀው ለምንድነው» ማለታቸው አይቀርም። ወደ ነሐሴ ብትጨምረው 35 ቀን ሆኖ ነሐሴን ያጎላዋል። የምወደው መፍትሔ ሌላ ነው። ክምችት በለቀቀው ቦታ «የቀን አማካይ ሽያጭ» የሚል መለኪያ አስገባ። የወሩ ሽያጭ ሱቁ ክፍት በነበረበት ቀን ቁጥር ተካፍሎ ማለት ነው። ጳጉሜን፣ የበዓል ሰሞንና በመንገድ ምክንያት ሱቅ የተዘጋበት ሳምንት በዚህ መለኪያ ሚዛናዊ ሆነው ይታያሉ።

ፓወር ቢአይ ግዴታ አይደለም። ታብሎ ላይ ከሆንክ በፓራሜተርና በኬዝ ቀመር ይሠራል፤ የፎርማቱ ጣጣ እዚያም አለ። ሉከር ስቱዲዮ ቻርቱ ላይ ተጨማሪ መለኪያዎችን አማራጭ አድርገህ እንድታስገባ ይፈቅዳል፤ ቀላል ነው፣ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኤክሴል ብቻ ካለህም ተቆልቋይ ዝርዝር አዘጋጅተህ፣ በምርጫው መሠረት ቁጥር የሚያመጣ አንድ ረዳት ዓምድ ሠርተህ ቻርቱን ከእሱ ላይ መትከል ትችላለህ። የህዳጉ፣ የአሃዱና የክምችቱ ጉዳይ ግን የትም ብትሄድ ይከተልሃል።

የፊልድ ፓራሜተር ውስንነቶችንም እወቃቸው። ዝርዝር ወዳለበት ገጽ ለመዝለል እንደ ማገናኛ አያገለግልም፤ በዚያ ቦታ ራሳቸውን ሜዠሮቹን ትጠቀማለህ። ሌላ ሰው ካሳተመው ሞዴል ጋር በቀጥታ ተያይዘህ የምትሠራ ከሆነም የራስህ ሞዴል ከሌለ ፓራሜተሩን መፍጠር አትችልም። ፋይሉ ላፕቶፕህ ላይ ስለሆነ ይህ አሁን አይነካህም።

የምትልክበትን መንገድ ግን ተጠንቀቅ። ለሐጂ ስልክ ላይ ለማሳየት ብለህ «ፐብሊሽ ቱ ዌብ» የሚለውን እንዳትነካ። ሊንኩን ያገኘ ማንም ሰው፣ ተፎካካሪም ቢሆን፣ ያለ ይለፍ ቃል የድርጅቱን ሽያጭና ትርፍ ያያል። በትክክለኛው መንገድ ለማጋራት የሚከፈልበት ፈቃድ ያስፈልጋል። እሱ እስኪገኝ ፋይሉን ሐጂ ኮምፒውተር ላይ ጫንላቸው፤ ኔትወርክ ሲጠፋም ይሠራል። ወይም በየወሩ አራቱንም መለኪያዎች እየመረጥክ አራት ገጽ ፒዲኤፍ አውጣ።

እንግዲህ በዚህ ቅደም ተከተል ሥራው። ነገ ቁልፉን ሳትነካ ሽያጭ በብር ያለ ቫት፣ ብዛት በአንድ አሃድ፣ የትርፍ ህዳግና የቀን አማካይ ሽያጭ የሚሉ አራት ሜዠሮች ጻፍ። አንድ ያለቀ ወር ምረጥና አራቱንም በሠንጠረዥ አውጥተህ ከሒሳብ ሠራተኛው መዝገብ ጋር ፊት ለፊት አነጻጽር፤ በየሱቁ አንድ ጊዜ፣ በድምር አንድ ጊዜ። በየሱቁ ገጥሞ በድምሩ ካልገጠመ ችግሩ አማካይ የወሰድክበት ቦታ ነው። በሁለቱም ሲገጥም ፊልድ ፓራሜተሩን ፍጠር፣ ነጠላ ምርጫ አድርገው፣ ርዕሱን አያይዝ። ቡክማርኮቹንና የስዊች ሜዠሩን ደግሞ ከፋይሉ ሰርዛቸው።